የመጀመሪያው የፖይንት ጫማ ለሚያድግ እግር፦ ፍሪድ፣ ብሎክ ወይስ ጌይነር ሚንደን?

ልጃቸው ለባሌት ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና የምትዘጋጅ ወላጆች ቀድመው የሚጠይቁት "የትኛው ብራንድ ይሻላል?" ብለው ነው። ብራንዶቹ ጋ እንደርሳለን። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ይታወቅ፦ የፖይንት ጫማ፣ ማለትም በጣት ጫፍ ቆሞ ለመደነስ የሚለበሰው ጠንካራ የባሌት ጫማ፣ እንደ ሌላው ጫማ "ትንሽ ሰፋ ይበል፣ ታድግበታለች" ተብሎ አይገዛም። ትርፍ ቦታ ባለው ጫማ ውስጥ እግር ወደ ታች ይንሸራተታል። የሰውነት ክብደት ተሰብስቦ በአውራ ጣት ላይ ያርፋል፣ ጥፍሩ ይጠቁራል፣ ልጅቷም ሕመሙን ለመሸሽ ጣቶቿን ማጠፍ ትጀምራለች። ይህ ልማድ አንዴ ከገባ መምህሯ ለማቃናት ብዙ ይደክማሉ። ስለዚህ ጫማው የሚገዛው ለዛሬው እግር ነው፤ በሁለት ወር ውስጥ ከጠበበ ሌላ ይገዛል። ወጪው ያማል፣ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በቤተሰብ በጀት ውስጥ መግባት ያለበት ወጪ ነው።

ሱቅ ስትገቡ ለኪ ባለሙያዋ የምትጠራቸውን ስሞች ማወቅ ይጠቅማል። ጣቶች የሚገቡበት ጠንካራው የፊት ክፍል ቦክስ ይባላል። በተለመደው አሠራር ጨርቅና ወረቀት በሙጫ ተደራርበው ይለጠፉና ሲደርቁ እንደ እንጨት ይጠነክራሉ። ልጅቷ የምትቆምበት ጠፍጣፋው አፍንጫ ፕላትፎርም ነው። ከላይ ጣቶቹን የሚሸፍነው ቫምፕ፣ ከቦክሱ ወደ ሁለቱ ጎን የሚዘረጉት ክንፎች፣ ከመዳፉ ሥር እስከ ተረከዝ የሚሄደው ጠንካራ ሶል ደግሞ ሻንክ ይባላሉ። ሲያዩት ክብደቱን ሁሉ የሚሸከመው ፕላትፎርሙ ይመስላል። በትክክል የተለካ ጫማ ግን እግሩን ዙሪያውን አቅፎ ስለሚይዘው ክብደቱ ለቦክሱ ግድግዳዎችና ለሻንኩ ይከፋፈላል። ልኬት ሲሳሳት የሚጠፋው ይህ ድጋፍ ነው።

ልጅቷ ለጫማው ደርሳለች ወይ የሚለውን የሚወስኑት መምህሯ ናቸው፤ ወላጅ ግን መለኪያውን ቢያውቅ አይከፋም። የዳንስ ሕክምናና ሳይንስ ዓለም አቀፍ ማኅበር ያወጣው መመሪያ ከ12 ዓመት በፊት አይጀመር ይላል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ለምትማር ጤናማና ጠንካራ ልጅ በአራተኛው የትምህርት ዓመት መጀመርን ይመክራል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ለምትማር ደግሞ ጨርሶ አያበረታታም። ቤት ውስጥ ሊታይ የሚችል አንድ ምልክት አለ። ልጅቷ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ ጫፉን እስከ መጨረሻው ትወጥር፤ በእግሯ የላይኛው ገጽ ላይ ርዝመቱን የተጋደመ እርሳስ የቅልጥሟን አጥንት ሳይነካ ማለፍ አለበት። ከነካ ቁርጭምጭሚቷ ገና በቂ አይወጠርም ማለት ነው፤ ፕላትፎርሙ ላይ ስትወጣ ክብደቷ ወደ ኋላ ይቀራል። ሁለተኛው የጉልበት ነገር ነው፦ በአንድ እግር ቆማ፣ ጉልበቷን ሳታጥፍና ቁርጭምጭሚቷ ሳይወላወል ተረከዟን ወደ ሃያ ጊዜ ያህል ማንሳትና ማውረድ ካቃታት ጫማው ይቆይ። ፈተና ደረሰ ተብሎ ይህ አይፋጠንም። በ11 ዓመት ገደማ ልጆችን የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች በዚያ ዕድሜ በብዛት የሚያዩት በለስላሳ ጫማ፣ ማለትም ቦክስና ሻንክ በሌለው ተራ የባሌት ጫማ ነው።

አሁን ወደ ልኬቱ። ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው፤ ከቸኮለች ለኪ የተገዛ ምርጥ ጫማ በጥንቃቄ ከተለካ መካከለኛ ጫማ ያንሳል። ቀጠሮ ተይዞ ይኬድ፣ አንድ ሰዓት ይያዝለት። ጥፍር ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ፤ በዕለቱ ተቆርጦ የሚሄድ ጥፍር ጥግ ጥጉ ያማል፣ ልጅቷም የጥፍሩን ሕመም የጫማው አድርጋ ታወራለች። ክፍል ውስጥ የምትለብሰው ታይት ይያዝ። ልትጠቀምበት ያሰበችው የጣት ፓድም አብሮ ይሂድ፤ በቀጭን ፓድ የተለካ ጫማ ውስጥ ኋላ ወፍራም የጄል ፓድ ሲጨመር ልኬቱ ይፈርሳል።

መጀመሪያ መሬት ላይ ሁለቱንም እግር ጠፍጣፋ አድርጋ ትቆማለች፦ ጣቶቿ ሁሉ ሳይታጠፉ ተዘርግተው ይተኛሉ፣ ቦክሱም ከሁሉም ጎን እንደ ጠበቀ ጭብጥ ይይዛታል። ቀጥሎ ፕሊዬ ትወርዳለች፤ ተረከዟን ሳታነሳ ጉልበቷን ታጥፋለች ማለት ነው። እግር ከሁሉ ይበልጥ የሚረዝመው እዚህ ላይ ስለሆነ አውራ ጣቷ የጫማውን ጫፍ መንካት አለበት፤ መንካት ብቻ፣ መታጠፍ ግን የለበትም። ከዚያ ባር (የመደገፊያ አግዳሚ) ይዛ ፕላትፎርሙ ላይ ትወጣለች። አሁን እግሩ ስለሚያጥር ተረከዙ ላይ ሳቲኑ ይላላል፤ በሁለት ጣት ሲቆነጠጥ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ቢያዝ ጥሩ ነው። ምንም ካልተያዘ ጫማው አጭር ነው፣ ብዙ እጥፋት ከተያዘ ረጅም ነው።

ከላይ ሆና ሳለ ከጎን ይታይ። ቫምፑ የጣቶቹን ሥር መሸፈን አለበት። ካጠረ እግሯ ከጫማው ወጥቶ ወደ ፊት ይፈስሳል፤ ከረዘመ ደግሞ በደሚ ፖይንት (ተረከዝ ተነስቶ በጣቶች ሥር መቆም) በኩል ማለፍ አትችልም፣ ከወለል ወደ ጫፍ እየዘለለች ትወጣለች። ክንፎቹ የአውራና የትንሿን ጣት መገጣጠሚያ አልፈው መሄድ አለባቸው፤ መገጣጠሚያው ላይ ከቆሙ ይቆርጣሉ። ከኋላም ይታይ፦ ሻንኩ ከመዳፉ መሃል ወደ አንድ ጎን ከዞረ በአብዛኛው ቦክሱ ጠቧል ማለት ነው። እግሯ ወደ ቦክሱ ውስጥ ሲሰምጥ ከታየ ግን ሰፍቷል።

"ያምሻል?" ብሎ መጠየቅ ለዚህ አይበቃም። ትምህርት ቤቱን የምትመኝ ልጅ "አያመኝም" ነው የምትለው። "የትኛው ጣትሽ ላይ ነው የሚከብድሽ?" ቢባል ይሻላል። "ሁሉም ላይ" ካለች ደስ ይላል። "አውራው ጫፍ ላይ" ካለች ጫማው ወደ መደርደሪያው ይመለስ። ሁለተኛ ጣቷ ከአውራው የሚረዝም ከሆነ ለኪዋ አስቀድማ ትወቀው፤ የአውራውን ጣት ጫፍ በትንሽ ፓድ ሞልቶ ማስተካከል ይቻላል።

ፍሪድ እ.ኤ.አ. በ1929 ለንደን ውስጥ የተመሠረተ ነው። ክላሲክ የሚባለው ጫማው በእጅ ይሠራል፦ ተገልብጦ ይሰፋል፣ ከዚያ ወደ ቀኙ ይመለሳል። የእያንዳንዱ ሠሪ ምልክት ሶሉ ላይ ይታተማል፤ ፊደል ወይም ትንሽ ሥዕል ነው። ባለሙያ ዳንሰኞች ለእግራቸው የሚስማማውን ሠሪ አግኝተው ከእሱ ብቻ የሚያዙት ለዚህ ነው። ስፋቱ በኤክስ ቁጥር ይለያል፤ ኤክሱ ሲበዛ ጫማው ይሰፋል። ጥሩ ጎኑ እግሩን ቶሎ መልመዱ ነው። ሻንኩ በሰውነት ሙቀትና በላብ ይለሰልሳል፣ ልጅቷም ወለሉን በደንብ ትሰማዋለች። ድክመቱም ከዚያው ይመጣል፤ ያ ሙቀትና ላብ ሙጫውን ይበላል። በእጅ የተሠራ ስለሆነም ሁለት ጥንድ አንድ ዓይነት አይሆንም። ገና እያደገ ላለ እግር የሠሪ ምልክት ማሳደድ ድካም ነው፤ ተስማሚው ሲገኝ እግሩ ተለውጧል። ለተማሪ የተዘጋጀው ስቱዲዮ የሚባለው መስመር ለመጀመሪያ ጥንድ የተሻለ ምርጫ ነው።

ብሎክ እ.ኤ.አ. በ1932 በሲድኒ የተጀመረ ነው። ዋናው ጥቅሙ የሞዴሉ ብዛት ነው፤ ሰፊ እግር፣ ቀጭን እግር፣ ዝቅተኛ የመዳፍ ቅስት ያላት ልጅ የሚሆናትን ብዙ ጊዜ እዚህ ታገኛለች። ቲኤምቲ የሚል ስም ያላቸው ጫማዎች ሻንካቸው በሙቅ አየር ተሞቆ በእግሯ ቅርጽ ይታጠፋል። ጥሩ የሚሆነው የሚያሞቀው ሰው የት መታጠፍ እንዳለበት ሲያውቅ ነው። ቤት ውስጥ ያለ ባለሙያ መሞከር ግን ጫማ ሊያበላሽ ይችላል።

ጌይነር ሚንደን እ.ኤ.አ. በ1993 ኒው ዮርክ ላይ ሥራ ሲጀምር ሙጫውንና ወረቀቱን ትቶ ቦክሱንና ሻንኩን እንደ ጎማ ከሚለመጥ ፕላስቲክ ሠራው፤ ውስጡንም ንዝረት በሚቀንስ ስፖንጅ ሸፈነው። ሻንኩ በአምስት ደረጃ ይመጣል፣ ከለስላሳው ፒያኒሲሞ እስከ ጠንካራው ሃርድ። ከሱቅ እንደወጣ ይደነሳል፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ከሙጫው ጫማ ይልቅ ብዙ ይቆያል። በወር ብዙ ጥንድ ለሚጨርስ ቤተሰብ ሒሳቡ ይለወጣል። ነገር ግን ይህ ጫማ ስህተት አይምርም። የሙጫው ጫማ ትንሽ ቢጠብ ከሁለት ክፍል በኋላ ይለቃል፤ ይህኛው በመጀመሪያው ቀን ካልተስማማ በሃያኛውም ቀን አይስማማም። ሻንኩ ከበረታባት እሷ ካልጠነከረች በቀር ራሱ አይለሰልስም። በሌላ በኩል ሳቲኑ አልቆ ውስጡ ደህና ስለሚሆን፣ ልጅቷ እግሯ አልፎት ከሄደም በኋላ "ገና አልሞተም" እያለች ትለብሰዋለች። አንዳንድ መምህራንም ተማሪ በሙጫ ጫማ እንድትጀምር ይፈልጋሉ። ከመግዛት በፊት ይጠየቁ።

ፍርዱ እንዲህ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ጥንዶች የተማሪ መስመር የሆነ የሙጫ ጫማ፣ መካከለኛ ወይም ለስላሳ ሻንክ ያለው። የእግሯ ርዝመት መለወጡን ሲያቆምና በሳምንት የፖይንት ሰዓቷ ሲበዛ ጌይነር ሚንደን በቁም ነገር ይታሰብ። "ጠንካራ ሻንክ ረጅም ይቆያል" ተብሎ ለጀማሪ ጠንካራ መግዛት ግን በሦስቱም ብራንድ ላይ ስህተት ነው፤ ሻንኩን ማጠፍ ያቃታት ልጅ ጫማው ላይ ትወጣለች እንጂ እግሯ አይሠራም።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ሳይነሳ አይታለፍ። ሮዝ ጫማ የተሠራው ከነጭ ቆዳ ጋር የእግሩ መስመር ሳይቋረጥ እንዲታይ ነው። ለጥቁርና ለቡናማ ቆዳ ያ መስመር ቁርጭምጭሚት ላይ ይቋረጣል። ዳንሰኞች ለዓመታት ሳቲኑን በስፖንጅ ፋውንዴሽን (የፊት መዋቢያ ቀለም) እየቀቡ በቆዳቸው ቀለም ሲያደርጉት ኖረዋል፤ ረጅም ሥራ ነው፣ እርጥበቱም ጫማውን ያለሰልሳል። ጌይነር ሚንደን እ.ኤ.አ. በ2017፣ ፍሪድ ደግሞ ባሌት ብላክ ከሚባለው የለንደን የዳንስ ቡድን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2018 በፋብሪካ የቀለሙ ቡናማ ጫማዎች አውጥተዋል። ለልጅቷ ትልቅ ነገር ነው። ታይቱና ጫማው አንድ ቀለም መሆን ስላለባቸው ግን ትምህርት ቤቱ ለፈተና ምን እንደሚፈቅድ አስቀድሞ በጽሑፍ ይጠየቅ።

ጫማው ቤት ሲገባ መምህሯ ሳያዩት በቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰረው ሪባን አይሰፋበት፤ አንዴ ከተሰፋበት ለሱቁ አይመለስም። ለአንድ ጥንድ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ሪባን ይበቃል፤ አራት ቦታ እኩል ይቆረጣል፣ ጫፉ እንዳይተረተር በላይተር ለብለብ ይደረጋል። የጫማው ተረከዝ ወደ ውስጥ ወደ ፊት ሲታጠፍ በጎኑ የሚፈጠረው መታጠፊያ የሪባኑ ቦታ ነው። ስፌቱ የውስጡን ጨርቅ ብቻ ይያዝ፤ ሳቲኑን አልፎ ከወጣ ያስቀይማል፣ የአፉን ክር ከወጋው ደግሞ ክሩ አይሳብም። ተራ ክር ይበጠሳል፤ ብዙዎች የጥርስ ክር የሚጠቀሙት ስለማይበጠስ ነው። ቋጠሮው በውስጥ በኩል በቁርጭምጭሚቱ አጥንትና በተረከዝ ጅማት መካከል ባለው ጎድጓዳ ላይ ይሁን። ጅማቱ ላይ ከተቋጠረ ያብጣል።

የሙጫ ጫማ ዕድሜ በሰዓት ነው የሚቆጠረው፤ ከ10 እስከ 20 ሰዓት የተለመደ ግምት ነው። መሞቱን ለማወቅ ፕላትፎርሙን በአውራ ጣት ተጫኑት። ከገባ አልቋል። ሻንኩ በመሃል ከታጠፈም አልቋል፤ መታጠፍ የነበረበት ወደ ተረከዙ ቀረብ ብሎ ነው። በሞተ ጫማ የምትሠራ ልጅ ከፕላትፎርሙ አልፋ ወደ ፊት ትወድቃለች፤ የቁርጭምጭሚት ጉዳት የሚመጣው በዚህ ነው። ዕድሜውን ማራዘም የሚቻለው በማድረቅ ነው፦ ፓዱ ይውጣ፣ ጫማው በወንፊት ከረጢት አየር ላይ ይንጠልጠል፣ ቢያንስ አንድ ቀን ይረፍ። ሁለት ጥንድ ማፈራረቅ ከአንድ በኋላ አንድ ከመጨረስ የበለጠ ሰዓት ይሰጣል። የላስቲክ ቦርሳ ውስጥ ያደረ ጫማ ጠዋት ላይ ግማሽ ሬሳ ነው። ፈጣን ሙጫ ቦክሱ ውስጥ ጠብ ማድረግ ይሠራል፤ እግር ገብቶ ሳለ ግን በፍጹም፣ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅም አይለበስ።

ፖይንት ለሚጠይቅ ፈተና አዲስ ጫማ አይወሰድም። ሦስት አራት ክፍል የተሠራበት፣ ሻንኩ የታጠፈ፣ ቦክሱ ገና የጠነከረ ጫማ ነው የሚፈለገው። ለዚህ ከፈተናው ሁለት ሳምንት በፊት ይጀመር። ሪባኑ የተሰፋ፣ በተመሳሳይ መጠን የተሠራበት ሁለተኛ ጥንድም ቦርሳ ውስጥ ይኑር። ወለሉ ላይ የሚንኳኳ ጫማ አፍንጫው በድንጋይ ደረጃ ላይ ጥቂት ጊዜ ቢመታ ድምፁ ይቀንሳል። የሪባኑ ጫፍ ከተሸጎጠ በኋላ በሁለት ስፌት ይያዝ፣ መርፌና ክር በቦርሳው የጎን ኪስ ይግባ፤ ልጅቷ ከነርቭ የተነሳ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ያንን ስፌት የሚሰፋው ወላጁ ነው፤ ቤት ውስጥ አስቀድሞ ይለማመደው።