ድሬዳዋ ላይ ዲሽ ማሠራት፦ ከውጭ ለምትመጡ

ለእረፍት ድሬ ገብቼ ስለተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች ልጽፍ ነው። ስለ በረራው፣ ስለ ሆቴሉ፣ ስለ ባጃጁ ብዙ ሰው ጽፏል። ባጃጁ ጥሩ ነው፣ ዋጋ ግን ሳትስማሙ አትግቡ። በቃ። እኔ የማወራችሁ ስለ ቴሌቪዥን ነው። ከውጭ የመጣ ሰው እናቱ ቤት እንደገባ ገና ሻንጣውን ሳይፈታ "እስቲ ይቺን ቴሌቪዥን እያት" መባሉ አይቀርም። ውጭ የኖረ ሰው ኤሌክትሮኒክስ የሚባል ነገር ሁሉ ይገባዋል ተብሎ ይታመናል፣ ሥራው መጋዘን ውስጥ ካርቶን መደርደር ቢሆንም።

የእኛ ቤት ከዚራ ነው። ዛፍ የሞላበት ሰፈር። ጣሪያው ላይ ሁለት ዲሽ አለ፤ አንዱ ለኢትዮሳት፣ ማለትም ለአገር ውስጥ ቻናሎች፣ አንዱ ለናይልሳት፣ ማለትም ለዐረብ ቻናሎች። ኢትዮሳቱ ይሠራል፣ ግን ይቆራረጣል። ናይልሳቱ ከጠፋ ቆይቷል። ኤምቢሲ ቱ የለም፣ ፊልም የለም፣ የወንድሜ ልጆች አኩርፈዋል። እናቴ ዜናዋ ከመጣላት ሌላው ግድ አይሰጣትም፤ እሷን ያስመረራት ልክ ዜና ሲጀምር ምስሉ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እየሆነ መሰባበሩ ነው።

እኔ ከመምጣቴ በፊት አንድ ባለሙያ ተጠርቶ ነበር። ስሙን አልጠራም። ኤልኤንቢው፣ ዲሹ ፊት ላይ ሲግናሉን የሚቀበለው ዕቃ፣ ተቃጥሏል ብሎ ቀየረው፣ ብሩን ተቀበለ፣ ናይልሳቱ ግን አልመጣም። ከዚያ ስልክ ማንሳት ተወ። ሲወጣ ኢትዮሳቱንም ነካክቶት ነው የሄደው መሰለኝ፣ እናቴ እንደምትለው መቆራረጡ የባሰው ከዚያ በኋላ ነው። ለሱ ከአሥር ዜሮ።

ሁለተኛውን ያገኘሁት እዚያው ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ሄጄ ነው። አንድ ሪሲቨር የሚሸጥ ልጅ ጋ ቆሜ ማን ይሻላል ብዬ ስጠይቅ፣ ከጎን ያለውም ከፊት ለፊት ያለውም ሱቅ አንድ ሰው ነው የጠሩልኝ። ይሄ ጥሩ ምልክት ነው፤ ዕቃ ሻጮች የተበላሸ ሥራ ተመልሶ የሚመጣው እነሱ ጋ ስለሆነ ማን እንደሚሠራና ማን እንደሚያበላሽ ያውቃሉ።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልበል። ድሬ ላይ ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ገደማ ማንንም አትጥሩ። ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ወይ ይተኛል ወይ በርጫ ላይ ነው፣ ቆርቆሮው ደግሞ በዚያ ሰዓት እጅ አያስነካም። መጀመሪያ ይሄን እንደ ስንፍና የሚያዩ ከውጭ የመጡ ሰዎች ገጥመውኛል። ጣሪያው ላይ በሰባት ሰዓት ራሳቸው ወጥተው ይሞክሩት። የእኛ ሰው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እመጣለሁ አለ፣ አንድ ሰዓት ላይ መጣ። እንዲህ ያለ ቀጠሮ አክባሪ ፍራንክፈርት ውስጥም ሁሌ አይገኝም፤ እዚያ ቴክኒሻን ሲቀጥራችሁ "ከጠዋት እስከ ከሰዓት" ብሎ ቀኑን ሙሉ ቤት ያስቀምጣችኋል።

ባለሙያው ልጅ መሰላል ላይ ወጣ። መሣሪያ እንኳ ከቦርሳው አላወጣም። ወደ ምዕራብ ዞር ብሎ አየና ወደ ታች ጮኸ፣ "እማዬ፣ አቦ ይሄ ፎቅ መቼ ነው የተሠራው?"

"ካቻምና ነው ልጄ።"

"ናይልሳቱስ መቼ ጠፋ?"

እናቴ ትንሽ አሰበችና "እሱም ካቻምና" አለች።

አለቀ። ችግሩ ይኸው ነበር። ኤልኤንቢው ምንም አልሆነም ነበር፤ ጎረቤት ፎቅ ሠርቶ ሳተላይቱን ጋርዶታል። ነገሩ ገብቶኝ ማታ በስልኬ አንግሉን ሳሰላው በጣም ነው የገረመኝ፣ ስለዚህ ላብራራላችሁ። ናይልሳት ያለው በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ ነው፣ ከድሬ ሲታይ ወደ ምዕራብ ዝቅ ብሎ፣ ከአድማሱ ወደ 33 ዲግሪ ከፍታ ላይ ይውላል። ኢትዮሳት የሚተላለፍበት ኤንኤስኤስ 12 የሚባለው ሳተላይት ደግሞ በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ነው፤ እሱ ከእኛ ጣሪያ ሲታይ ወደ 69 ዲግሪ ከፍታ አለው፣ ማለትም ከአናታችን ትንሽ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው። ስለዚህ ዛፍም ፎቅም ብዙ ጊዜ አያገኘውም። ድሬ ላይ ጣሪያዎቹን ብታዩ ይገባችኋል፣ አንዱ ዲሽ ሰማይ ሰማይ ያያል፣ አንዱ ደግሞ ወደ ምዕራብ ተደፍቷል። ከዚራ ወይም ለገሀር አካባቢ ዛፍ ሥር ቤት ያላችሁ ናይልሳት አልመጣ ቢላችሁ መጀመሪያ ወደ ምዕራብ ቀና ብላችሁ እዩ። ለዚህ ገንዘብ አትክፈሉ።

መፍትሔው ዲሹን ወደ ሌላኛው የጣሪያ ጥግ ማዛወርና በረጅም የብረት ቱቦ ከፍ ማድረግ ሆነ። ለቱቦው በያጅ ተጠራ፣ እሱ በሁለተኛው ቀን መጣ፣ ሥራው ጥሩ ነው፣ ቀለም ግን አልቀባውም፤ ቀቡት ስንለው "ነገ" አለ፣ እስክሄድ ድረስ ነገ አልደረሰም።

ኢትዮሳቱን ሲያስተካክል ያየሁት ነገር ደግሞ ለሁላችሁም ይጠቅማል። ሪሲቨሩ ላይ ሁለት መስመር ይመጣል፤ አንዱ የሲግናል ጉልበት፣ አንዱ ኳሊቲ። አብዛኛው ሰው የጉልበቱን አይቶ ይደሰታል። ያ መስመር ግን ዲሹ ባዶ ሰማይ ቢያይም ከፍ ሊል ይችላል፣ ኤልኤንቢው በራሱ የሚያሰማውን ጫጫታም ይቆጥራልና። መታየት ያለበት ኳሊቲው ነው። ልጁ ዲሹን በጣት ያህል ይነካል፣ ታች ያለው የወንድሜ ልጅ "ሃምሳ! ስልሳ! ወረደ!" እያለ ይጮኻል፣ ከዚያ ኤልኤንቢውን ራሱን ይጠመዝዛል። ኤልኤንቢ ቀጥ ብሎ መታሰር አለበት የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ለኢትዮሳት ከድሬ ዘመም ብሎ ነው የሚታሰረው፤ ሳተላይቱ ከእኛ ወደ ምሥራቅ ስለራቀ ሞገዱ ተጋድሞ ይደርሰናል። የመጀመሪያው ባለሙያ ቀጥ አድርጎ አስሮት ሄዷል። የእናቴ ዜና የሚሰባበረው ግማሹ በዚህ ነው። ሌላው ግማሽ ኬብሉ ነበር፤ የድሬ ፀሐይ ፕላስቲኩን ሰነጣጥቆት ውሃ ገብቶ ጫፉ ዝጓል። ጥሩ ኬብል ግዙ፣ ጫፉን በላስቲክ ቴፕ በደንብ ጠቅልሉት። ዲሹ ላይ ገንዘብ አውጥቶ ኬብል ላይ የሚቆጥብ ሰው አይገባኝም።

ዲጂታል ደግሞ ምሕረት የለውም። በድሮው አናሎግ ሲግናሉ ሲደክም ምስሉ በረዶ እየለበሰም ቢሆን ሰውዬው ሲናገር ይሰማ ነበር። አሁን ግን ወይ ጥርት ብሎ ይመጣል ወይ ጭራሽ የለም፤ መሐሉ ላይ ያለችው ትንሽ ቦታ ናት የምትሰባበረው። ለዚህ ነው ትንሽ ኳሊቲ መጨመሩ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣው።

ጣሪያችን ላይ ድሮ አባቴ የሰቀለው የአሉሚኒየም አንቴና አሁንም አለ። ከምድር ማሰራጫ ኢቲቪን የምናይበት ነበር። አሁን ርግብ ያርፍበታል። እኔ ፍራንክፈርት ቤቴ ቴሌቪዥን የማየው ግን በዚሁ ዓይነት መንገድ ነው፣ ከምድር ማሰራጫ። ፌልድበርግ የሚባል ወደ 880 ሜትር የሚሆን ተራራ ላይ ማሰራጫ አለ፣ እኔ መስኮቴ ላይ ትንሽ አንቴና አስቀምጫለሁ፣ በቃ። ይሄ አዲሱ ዲቪቢ ቲ ቱ የሚባለው ዲጂታል የምድር ስርጭት እዚያ የጀመረው እ.ኤ.አ. መጋቢት 2017 ነው። የሕዝብ የሚባሉት ቻናሎች ክፍት ናቸው፣ የግሎቹን ለማየት ግን ይከፈላል። ክፍት የሚባለውም ቢሆን ነፃ አይደለም፤ እያንዳንዱ ቤት ቴሌቪዥን ኖረውም አልኖረውም በወር 18.36 ዩሮ ለብሮድካስት ይከፍላል። ይሄን ለልጁ ስነግረው "ሳታይ ትከፍላለህ?" ብሎ መሰላሉ ላይ ቆሞ ሳቀብኝ።

ኢትዮጵያም ለምድር ስርጭት ይህንኑ ዲቪቢ ቲ ቱን ነው የመረጠችው፤ በዓለም አቀፉ ስምምነት መሠረት አናሎግን የማቆሚያው ቀነ ገደብ ሰኔ 2007 ዓ.ም. ነበር። ነገር ግን ሕዝቡ አልጠበቀም፤ ዲሽ ሰቀለ። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት ሲመጣ ደግሞ የአገር ውስጥ ቻናሎቹ አንድ ላይ ተሰበሰቡና ነገሩ ተዘጋ። እኔ በግሌ ከተራራ የሚመጣው ይሻላል ባይ ነኝ፤ አንድ ማሰራጫ በደንብ ከተተከለ ከተማው ሁሉ መስኮቱ ላይ ሽቦ አስቀምጦ ያያል፣ ማንም አሮጊት መሰላል የሚወጣ ሰው ፍለጋ አትንከራተትም። አሁን ግን ድሬ ላይ የቴሌቪዥኑ ጥራት የሚወሰነው ጣሪያችሁ ላይ በወጣው ሰው ነው። ጥሩ ሰው ወጣ፣ ጥሩ ታያላችሁ። ስለዚህ በሱ ዋጋ ላይ አትከራከሩ። ጠየቀኝ፣ ከፈልኩ፣ ጨመርኩለት።

የታይዋኑ ሱቅ፣ ከአሥር ሰባት። አዲስ ሪሲቨር ገዛሁ፣ ከመክፈሌ በፊት ሰክቶ አሳየኝ፣ በቴሌብር ተቀበለ። ዋጋውን አልጽፍም፤ ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የጻፍኩት ዋጋ እናንተ እስክትደርሱ አይቆይም። ሦስት ነጥብ የቀነስኩት ዋስትና አለው ወይ ስለው "እኔ አለሁ" ስላለኝ ነው። ወረቀት ብጠብቅ ይሻለኝ ነበር። ስትገዙ ኤችዲ የሚያነብ መሆኑን አረጋግጡ፣ ርካሾቹ አሮጌ ሞዴሎች የኢትዮሳትን ኤችዲ ቻናሎች ድምፅ ብቻ ወይም ጥቁር አድርገው ያሳዩአችኋል።

ከአውሮፓ ሪሲቨር ተሸክማችሁ አትምጡ። ቴሌቪዥን የምታመጡ ከሆነ ግን ዲቪቢ ኤስ ቱ የሚባለው የሳተላይት መቀበያ በውስጡ ካለው የዲሹን ኬብል በቀጥታ ጀርባው ላይ ሰክታችሁ ያለ ሪሲቨር ታያላችሁ፣ ኢትዮሳት ካርድ አይጠይቅም። ሳተላይቱን ከዝርዝሩ ላታገኙት ስለምትችሉ በእጅ ማስገባት ነው። መብራቱም ለጀርመን ዕቃ የሚስማማ 220 ቮልት ነው፤ ሲኖር። ሄዶ ሲመለስ ግን እየዘለለ ስለሚመለስ ስታቢላይዘር የግድ ነው። ዲቫይደር ብቻ ላይ ሰክተው የሚተማመኑ ሰዎች አሉ፣ የሰፈራችን የተቃጠሉ ሪሲቨሮች ታሪክ ሁሉ ከዚያ ነው የሚጀምረው።

በመሐል ሐረርም ወጥቼ ነበር፣ በደንገጎ በኩል፣ ለብርዱ ስል። ያረፍኩበት ቤት ጀጎል ውስጥ ነው፣ ቡናውም ሰዎቹም ግሩም። ክፍሉ ውስጥ ቴሌቪዥን አለ ተብሎ ነበር፣ አለ፣ አይከፈትም። አልተናገርኩም። ለቴሌቪዥን ጀጎል የሚሄድ ሰው ካለ ችግሩ የራሱ ነው።

አሁን እናቴ ቤት ሁለቱም ዲሽ ይሠራል። ሁለቱ በስዊች አንድ ሪሲቨር ላይ ስለተገናኙ ዜናና ፊልም በአንድ ሪሞት ነው፣ ሪሞቱ ማን ጋ ይሁን የሚለው ጉዳይ ከእኔ አቅም በላይ ነው። ትናንት ወንድሜ ደውሎ ኢትዮሳቱ ጠፋ አለኝ። ዝናብ አለ ወይ ስለው ከባድ ዝናብ አለ አለ። ይሄ የዲሹ ጥፋት አይደለም፣ በዚህ ፍሪኩዌንሲ የሚመጣ ሲግናል ወፍራም ዝናብ ሲገጥመው ይደክማል፣ ማንም ባለሙያ አይጠግነውም። ማንንም እንዳትጠራ አልኩት፤ በተለይ የመጀመሪያውን ሰውዬ።