ታሪክ ለሚጠይቅ ልጅ፦ ደብረ ብርሃን ወይስ አንኮበር?

ልጅዎ «ነገሥታቱ የት ነበር የሚኖሩት?» እያለ ካስጨነቀዎ ሰሜን ሸዋ ይውሰዱት።

ደብረ ብርሃን ቅርብ ናት፤ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ አስፋልት። በ15ኛው መቶ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ መናገሻቸው አድርገዋታል። ዛሬ ግን የፋብሪካ ከተማ ናት፤ የዚያን ዘመን ቤተ መንግሥት ልጁ በዓይኑ አያይም።

እኔ አንኮበርን እመርጣለሁ። የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ መናገሻ ነበረች፤ ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት ከትመውባታል። ከኮረብታው ቤተ መንግሥት የቀረውን የግንብ ቁራጭ ልጁ በእጁ ይዳስሰዋል። ደግሞ ወደ ምሥራቅ ዞር ይበል። መሬቱ ገደል ለገደል ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። «ለምን እዚህ ከተሙ?» ካለ፣ መልሱ ፊት ለፊቱ ነው፦ የሚመጣ ሁሉ ከሩቅ ይታያል። ከታጁራ ወደብ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴም ከሥሩ፣ አልዩ አምባ ገበያ ላይ ያርፍ ነበር።

ጋቢ አይርሱ፤ ሁለቱም ጋ ይበርዳል።