ጀልባ የሌለው የወንዝ እራት

ጅማ ውስጥ አዌቱ ወንዝ ዳር የተከፈተው ምግብ ቤት ማስታወቂያውን በየባጃጁ ጀርባ ለጥፏል። «የወንዝ እራት ከላይቭ ባንድ ጋር» ይላል። ከጽሑፉ በላይ መብራት የተደረደረባት ጀልባ ተስላለች። ቁርጡን ልንገራችሁ፤ ጀልባ ብሎ ነገር የለም። አዌቱን የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሌለ ይገባዋል። በበጋ ሱሪ ሰብስቦ የሚሻገሩት ወንዝ ነው። ለጀልባ የሚሆን ውሃ ከተፈለገ ከከተማው ወጣ ብሎ ቦዬ አለ። ቦዬ ላይ ደግሞ ጉማሬ አለ። ጉማሬ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ከውሃ ይወጣል። እራት ላይ ማን እንግዳ ሆኖ እንደሚመጣ አስቡት።

የቤቱን ስም አልጠራም፤ የምወቅስበት ነገር አለኝና ይቅር። ማስታወቂያውን ያላየ የጅማ ሰው ያለ ግን አይመስለኝም።

የሄድነው አርብ ማታ ነው፤ አጎቴ፣ እህቴ፣ አንድ ጓደኛዬና እኔ። አጎቴ ብዙ ዓመት ካይሮ ኖረው የተመለሱ ሰው ናቸው። ዓባይ ላይ በመርከብ እራት በልተዋል። እሳቸውን ይዞ «የወንዝ እራት» መሄድ ዳኛ ይዞ እንደመሄድ ነው። እህቴ አርብን በጥብቅ ትጾማለች። ጓደኛዬ ሙስሊም ነው። ጅማ ውስጥ እንዲህ ያለ ገበታ ብርቅ አይደለም። ምግብ ቤት ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥያቄም እሱ ነው፤ ሁላችንም የምንበላው አለ ወይ?

ቤቱ ወደ ወንዙ የሚወርድ ባለ ሦስት እርከን ነው። ላይኛው እርከን ላይ መድረኩና ባሩ አሉ። መካከለኛው ጣሪያ አለው፤ ወንበሩም መደገፊያ ያለው ነው። ታችኛው ከውሃው አጠገብ ሆኖ ጣሪያ የለውም። እዚያ የሚቀመጡት በእኛው ሀገር የእንጨት በርጩማ ላይ ነው። ከአንድ እንጨት የተፈለፈለው ያ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ለዓይን በጣም ያምራል። ለወገብ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ አይመከርም። አጎቴ ገና ሳይቀመጡ «ልጄ፣ እኔን መደገፊያ ፈልግልኝ» አሉት አስተናጋጁን። ልጁ ሮጦ ከላይ ወንበር አመጣላቸው፤ ትራስም ጨመረበት። ስለ መስተንግዶው ከአሁኑ መናገር ይቻላል፤ ልጆቹ ጥሩዎች ናቸው።

የደረስነው ከምሽቱ አሥራ ሁለት ተኩል ሲሆን ነው፤ ገና ሰው አልሞላም ነበር። የጅማ ሰው አርብ ማታ ከበርጫው ተነስቶ እራት ትዝ የሚለው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ይህ ለእናንተ ጥሩ ዜና ነው። በጊዜ ከሄዳችሁ ታችኛውን እርከን ታገኛላችሁ። የቤቱ ዋጋ ያለው ደግሞ እዚያ ነው። ከሰዓት በኋላ ዘንቦ ስለነበር ወንዙ ደፍርሶ ይወርድ ነበር። ድንጋይ ላይ ሲጋጭ ይሰማል። በበጋ ግን ውሃው ይሳሳና ከተማው የጣለበት ሁሉ ይሸታል። ስለዚህ ይህን ቤት በጥርና በየካቲት ሳይሆን ዝናብ ሲጀምር ማየት ይሻላል፤ ጃንጥላ ይዞ።

አጎቴ ወንዙን ትንሽ አዩና «ይሄ ውሃ ካይሮ ይደርሳል?» አሉ። አይደርስም። አዌቱ ግልገል ግቤ ይገባል፤ እሱ ግቤን፣ ግቤ ኦሞን ይዞ ቱርካና ሐይቅ ላይ ያልቃል። ካይሮ የሚደርሰው የጅማ ውሃ በዴዴሳ የሚሄደው ነው፤ ከአጋሮ ወደ በደሌ ስትሄዱ ድልድዩን የምትሻገሩት ወንዝ። ዴዴሳ ከጎማ ወረዳ በኩል ተነስቶ ዓባይን ይቀላቀላል። «እንግዲያው እዚያ ስበላ ጎማ ላይ ሆኜ ነበራ!» ብለው ሳቁ።

ከዚያ ስለ መርከቡ ያወሩን ጀመር። መርከቡ ሁለት ሰዓት ያህል ይሄዳል። ምግቡ ቡፌ ነው፤ እያነሱ መብላት። ሂሳቡ ትኬት ሲቆረጥ ተከፍሎ ያልቃል፤ የሚጨመረው የመጠጥ ብቻ ነው። ዘፋኝ አለ፣ የሆድ ውዝዋዜ አለ። ከዚያ ደግሞ ታኑራ አለ፤ ሰውዬው ደራርቦ የለበሰውን ባለ ቀለም ሰፊ ቀሚስ ይዞ ያለ ዕረፍት ይሽከረከራል። መነሻው የሱፊዎች መንፈሳዊ ዙረት ነው፤ መርከብ ላይ ሲደርስ ግን ቀሚሱ አምፖል ተተክሎበታል። በመስኮት 187 ሜትር የሚረዝመው የካይሮ ማማ ይታያል። «አንዳንዱ መርከብ እኮ ከዳር ታስሮ ነው የሚያድረው» አሉ ቀስ ብለው። «ምግብ ቤት ነው። ንቅንቅ አይልም።» ይህን ስሰማ አዌቱ ዳር ያለችው የሥዕል ጀልባ ትንሽ ይቅርታ አገኘች።

ወደ ምግቡ ልምጣ። አርብ ነው፤ ሥጋውን አልነካነውም። ጓደኛዬ ኩሽናው እንዴት እንደሆነ ጠየቀ። «የሙስሊምና የክርስቲያን ለየብቻ ነው የሚሠራው» ተባለ። እሱ ግን ሳያይ አያምንም። ዓሣ አዘዘ፤ አጎቴና እኔም ተከተልነው። ዓሣ እንዲህ ያለ ገበታ ላይ ገላጋይ ነው፤ የማን እጅ ባረከው አይባልም። እህቴ ብቻ «ዓሣም ቢሆን ሥጋ ነው» ብላ ሽሮ አዘዘች።

የዚህ ቤት ዓሣ ሙሉ ጥብስ የመንገዱን ሁሉ ድካም ያስረሳል። ቆሮሶ ነው፤ ከግልገል ግቤ ግድብ የመጣ። ጎንና ጎኑ እስከ አጥንቱ በሰያፍ ተተልትሏል። በትልታዮቹ ውስጥ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ገብቷል። ቆዳው ደርቆ በጣት ሲነኩት ይንኮሻኮሻል፤ ከሥሩ ያለው ሥጋ ግን ነጭና እርጥብ ነው፤ ከአጥንቱ ሳይጎተት ይለቃል። የጭንቅላቱን ጉንጭ ለአጎቴ ተውንላቸው። ክንፉ እንደ ቺፕስ ይበላል። ከጎኑ ዳጣ፣ ሎሚና ትኩስ እንጀራ ይመጣል። ዳጣው በኮባ ቅጠል ላይ ነው የሚቀርበው፤ አረንጓዴ ነው፤ ዓይን ያስለቅሳል። ሁለተኛ ዳጣ ስንጠይቅ አላስከፈሉንም። አንድ ሙሉ ዓሣ 550 ብር ነው፤ አንድ ሰው በደንብ ያጠግባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ግድቡ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ነው። የአዌቱ ውሃ ወርዶ ወርዶ የሚጠራቀመው እዚያው ነው። እኛ ዓሣውን እየበላን ሳለ ከጎናችን የተቀመጠ ጎረምሳ የጨረሰውን የውሃ ፕላስቲክ ወደ ወንዙ ወረወረ። አስተናጋጁ አየው፤ ዝም አለ። ወንዙን የሚሸጥ ቤት ወንዙን ካልጠበቀ ማን ይጠብቅለታል? በየጠረጴዛው ሥር አንድ ቅርጫት ማስቀመጥ ስንት ይፈጃል?

የእህቴ ሽሮ እየተንተከተከ በሸክላ ድስት መጣ። ማንኪያዋን ወደ አፏ ሳታደርስ መለሰችው። ቅቤ ይሸታል። «የጾም ነው ብለኸኝ አልነበር?» አለችው። ልጁ ደነገጠ። ወደ ኩሽና ይዞት ገባ፤ ሲመለስ ዋናውን ምግብ አብሳይ ይዟት መጣ። ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ይቅርታ የኔ እናት፣ ድስት ተሳስቶ ነው» አለች። አዲሱ ሽሮ ዘግይቶ ቢመጣም ጥሩ ነበር፤ ወፍራም፣ በርበሬው የበሰለ። ጾም የሚይዝ ሰው ግን ሲያዝዝ ደግሞ ደጋግሞ ይናገር።

መጠጥ ላይ ብዙ አልቆይም። ቢራው ቀዝቃዛ ነው፣ አምቦ ውሃው አለ። የአቮካዶ ጭማቂው ማንኪያ የሚያቆም ነው። ጅማ ላይ አቮካዶ ማበላሸት ከባድ ነው ለነገሩ። ብርዙን ግን ሞክሩት። ጠቆር ባለው የጫካ ማር የተበጠበጠ ነው፤ ጓደኛዬ ሦስቴ አስቀዳ።

ሙዚቃው የሚጀምረው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ኪቦርድ፣ ቤዝ ጊታር፣ ድራምና ሳክስፎን። መጀመሪያ ላይ ሳክስፎኑ ብቻውን ትዝታ ያንቆረቁር ነበር። ታችኛው እርከን ላይ ሆኖ መስማት ያስደስታል። ወንዙም አብሮ ይሰማል፣ ሰውም ያወራል። ሰው እየሞላ ሲሄድ ድምፁም አብሮ ወጣ። ሦስት ሰዓት ሲል ስፒከሩ ሌላ ነገር አያሰማም። አጎቴ ጆሯቸው ላይ እጃቸውን ጥለው «ምን አልክ?» ይሉኛል፤ እኔም እሳቸውን «ምን አሉ?» እላለሁ። እራቱ በዚህ አለቀ። ወንዙ እዚያው ነው፤ ግን የለም። የሰዎቹ ትልቁ ጥፋት ይህ ይመስለኛል። ባንድ በየሆቴሉ አለ። አዌቱ ዳር የተቀመጠ ገበታ ግን በየትም የለም። ማስታወቂያ የሠሩበትን ነገር በራሳቸው ስፒከር ደፈኑት። ስፒከሮቹ ደግሞ ወደ ታች፣ ወደ ወንዙ ዞረዋል። ወደ ጎን ቢያዞሯቸው ሊሻሻል ይችል ነበር። ለአስተናጋጁ ነገርነው። «ለኃላፊው እነግራለሁ» አለ፤ የተቀነሰ ነገር አላየንም።

ዘፋኞቹን አልወቅስም። ሴቷ በተለይ ድምፅ አላት። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ጉራጊኛ እያፈራረቀች ትዘፍናለች። የኦሮምኛው ተራ ሲደርስ ተወዛዋዦቹ በባህል ልብስ ወጡ፤ ያኔ ከላይ እስከ ታች ያልተነሳ የለም። ጓደኛዬ እንኳ፣ ሠርግ ላይ የማይነሳው ሰው፣ በርጩማውን ገፍቶ ገባበት። ያቺን ግማሽ ሰዓት የሚያህል ሌላ ነገር ማታውን አልነበረም። አጎቴም «ታኑራው ይሄን አያክልም» ብለው ፈረዱ።

ሽልማቱ ግን ልክ አጥቷል። ግንባር ላይ ብር መለጠፍ የኖረ ነው፤ ደስ ያለው ይለጥፋል። እዚህ ግን ተወዛዋዧ ጠረጴዛችሁ ጋ መጥታ ትከሻዋን እየነቀነቀች ብር እስክታወጡ አትሄድም። ምግብ አፉ ውስጥ ያለ ሰው ኪሱን ሲዳብስ ማየት ያሳፍራል። ዝርዝር ብር ይዛችሁ ግቡ።

ቡናው የሚፈላው መካከለኛው እርከን ጥግ ላይ ነው። ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ዕጣን ይጨሳል። ልጅቱ ጥሬ ቡናውን አጥባ፣ ምጣድ ላይ አመሰችው። ሲጠቁርና ወዙ ሲወጣ እያዞረች አሸተተችን። ከየት ነው ስላት «ከጎማ፣ ከአክስቴ ጓሮ» አለችኝ። ከነገለፈቱ ፀሐይ ላይ የደረቀ ነው፤ እንደ ሊሙ የታጠበው ቡና የጠራ ጣዕም የለውም፤ ከበድ ይላል፣ መጨረሻው ላይ ፍራፍሬ ይሸታል። በጤና አዳም አቦሉን ጠጣን፣ ቶናው ላይ ቆየን። በረካ ድረስ መቆየት ይገባ ነበር፤ ስፒከሩ አባረረን። ፈንዲሻው የሰነበተ ነው፤ ሳትነኩት እለፉት። ማኪያቶ አለን ይላሉ። ጅማ መጥቶ፣ ይህች ልጅ ጀበና ጥዳ፣ ማኪያቶ የሚያዝዝ ሰው የራሱ ጉዳይ ነው።

ሂሳቡ ሲመጣ የምግቡና የመጠጡ ልክ ነበር። ከሥሩ 15 በመቶ ተ.እ.ታ. አለ፤ እሱም የታወቀ ነው። ከዚያ በላይ ግን «መዝናኛ» የሚል መስመር በሰው 100 ብር ጨምሯል። ሜኑው ላይ አልተጻፈም፤ በር ላይም አልተለጠፈም። ገንዘብ ተቀባይዋን ስንጠይቃት «ሲስተሙ ነው የሚያወጣው» አለች። ሲስተሙን የሞላው ሰው መሆኑን አጎቴ በትህትና አስታወሷት። ካይሮ ቢሆን ትኬቱ ላይ ተጽፎ ያዩት እንደነበርም ጨመሩላት። ተከራክረን የአንዱን ሰው አነሱልን፤ የሽማግሌ ቅናሽ መሆኑ ነው። ቀሪውን በቴሌብር ከፈልን። 100 ብሩ ለባንዱ ቢሆን አይበዛም። ሰው ከበላ በኋላ ማወቁ ነው የሚያናድደው። ስትገቡ ጠይቁ።

ሽንት ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ውሃ ነበረው። ትንኝ አለ፤ ወንዝ ዳር ነውና እጅጌ ረጅም ልብስ ልበሱ፣ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ቅባት አትርሱ። ታችኛው እርከን ላይ ያሉት ጠረጴዛዎች ጥቂት ናቸው፤ ቅዳሜ ለመሄድ ካሰባችሁ ቀድማችሁ ደውላችሁ አስይዙ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባንዱ የለም፤ ዓሣው ግን አለ፤ ቡናውም ይፈላል፤ የ«መዝናኛ»ውም 100 ብር አይታሰብም ብለውናል። ስትመለሱ ባጃጅ በሩ ላይ ተሰልፎ ታገኛላችሁ። ከአራት ሰዓት በኋላ ግን ዋጋው እጥፍ ነውና ሳትገቡበት ተነጋገሩ።