ልሙጥ ቅጠል በፎቶ እያሳዩ ዘር የሚሸጡትን ተጠንቀቁ

የሄምፕ (ለቃጫና ለዘር የሚመረት የካናቢስ ዓይነት) ዘር በኢንተርኔት ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔ ተሸውጃለሁ።

ፎቶው ልብ ይሰርቃል። የካናቢስ ቅጠል እንደ እጅ ጣቶች የተከፋፈለ፣ ጠርዙም እንደ መጋዝ ባለጥርስ ነው። እዚያ የሚታየው ግን ጣቶች የሌሉት፣ ጠርዙ ልሙጥ የሆነ አንድ ወጥ ቅጠል ነው። «አዲስ ዝርያ፣ ባሕርይው የጸና» ይላል ጽሑፉ።

የፈለግኩት ለማዳቀል ነበር። በዓይን የሚለይ ቅጠል ለአዳቃይ ትልቅ ነገር ነው። ልሙጥነቱ ድብቅ ባሕርይ (ከሁለቱም ወላጆች ካልተወረሰ የማይታይ) ቢሆን፣ ልሙጧ እናት ከንጹሕ ባለጥርስ አባት ስትዳቀል ልጆቿ በሙሉ ባለጥርስ ይሆናሉ። በመካከላቸው ልሙጥ ችግኝ ካየሁ የወንዴው ብናኝ ከሌላ ተክል መጥቷል ማለት ነው፤ ገና በጠዋቱ እነቅለዋለሁ። ካናቢስ በነፋስ ስለሚዳቀል ይህ ስንት ልፋት ያድናል መሰላችሁ!

ዘሩ በቀለ። አንድም ሳይቀር ባለጥርስ ሆነ። ሻጩን ስጠይቀው «ታገሥ፣ ሲያድግ ይለወጣል» አለኝ። አልተለወጠም።

ፎቶውን አጉልቼ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ከልሙጡ ቅጠል ሥር የደረቀ አሮጌ አበባ አለ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ያበበ ካናቢስ ረጅም ብርሃን ሲያገኝ እንደገና ቅጠል ወደማውጣት ይመለሳል። በዚያን ጊዜ መጀመሪያ የሚያወጣቸው ቅጠሎች ነጠላና ልሙጥ ናቸው። ቆይቶ ጥርሱም ጣቱም ይመለሳል። ይህ የዝርያ ባሕርይ አይደለም፤ በዘር አይተላለፍም።

ስለዚህ የአንድ ቅጠል ፎቶ አይብቃችሁ። ተክሉን ከሥር እስከ ጫፍ፣ ከወንድም እህቶቹ ጋር አሳዩኝ በሉ። ዘሩ ስንተኛ ትውልድ እንደሆነም ጠይቁ። ድብቅ ባሕርይ በመጀመሪያው ድቅል ይጠፋል፤ እነዚያ ድቅሎች እርስ በርስ ሲዳቀሉ ከአራት አንድ ገደማ ላይ ብቅ ይላል። «ድብቅ ነው» እያለ የመጀመሪያ ድቅል ዘር «የጸና» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ወይ አያውቅም ወይ እያታለላችሁ ነው።

ደግሞ ይኸው ሻጭ የቅጠሉ ጠርዝ ቲኤችሲው (የሚያሰክረው ንጥረ ነገር) ዝቅተኛ መሆኑን ያሳያል ብሎኝ ነበር። እባካችሁ አትመኑት። ቲኤችሲ የሚለካው በላቦራቶሪ ነው። ሕጉ ከሚፈቅደው መጠን ያለፈ ተክል እጃችሁ ላይ ቢገኝ ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ።

ገንዘቤን አልመለሰልኝም። ፎቶው ዛሬም እንደተለጠፈ ነው።