ዜብራ ፕሌኮ ከወራት በኋላ፦ አልጌ ይበላል ያላችሁ ማን ነው?

በመስታወት ገንዳ የማሳድገውን ዜብራ ፕሌኮ የተባለ ትንሽ ዓሣ ከገዛሁ ወራት አለፉ። ስለ መልኩ ብዙ አልልም። ያንን ጥቁርና ነጭ መስመር ያየ ሰው ለምን እንደገዛሁት ወዲያው ይገባዋል። ጤናውም ደህና ነው። ይህን የምጽፈው ሻጩ በነገረኝ ነገር ስለተናደድኩ ነው፦ «መስታወቱ ላይ የሚበቅለውን አልጌ ይበላል፤ ሌላ ምግብ አያስፈልገውም።»

ፍጹም ሐሰት ነው! ዜብራ ፕሌኮ የአምባዛ ዘመድ ነው። አፉ እንደ ብዙዎቹ ፕሌኮዎች መስታወት ላይ ይጣበቃል፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የሚወደው ግን ሥጋ ነው። የኔው መስታወቱን ዞር ብሎም አላየው። ሆዱ እየሰረጎደ ሲሄድ በበረዶ የቀዘቀዘ ቀይ የትንኝ እጭና የተከተፈ ሽሪምፕ ማቅረብ ጀመርኩ። የገንዳውን መብራት ካጠፋሁ በኋላ ከመደበቂያ ዋሻው ወጥቶ እንዴት እንደበላው ብታዩ! አሁን ሆዱ ሞላ ብሏል። በየማታው ወደ ታች የሚሰምጥ ምግብም እጥልለታለሁ። ቀልጣፋ ዓሦች አብረውት ካሉ ደግሞ እሱ ከዋሻው እስኪወጣ ሁሉን ጨርሰው ይጠብቁታል።

«ታዲያ ገንዳህ ንጹሕ አይደለም እንዴ?» የሚለኝ ሻጭ አይጠፋም። ንጹሕ ነው፣ ግን የሚያጸዳው ፊልተሩና እኔ ነን። «ውሃው 24 ዲግሪ ከሆነ ይበቃዋል» የሚለውም አለ። አይበቃውም። የመጣው ከብራዚሉ የሺንጉ ወንዝ ነው፤ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ይፈልጋል። ሞቃት ውሃ ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው። ስለዚህ ውሃውን በኃይል የሚገፋ ፓምፕ የግድ ነው።

ይህን ያህል የምከራከረው ዓሣው ተራ ስላልሆነ ነው። በተፈጥሮ የሚኖረው ሺንጉ ትልቅ ጥምዝ በሚሠራበት በቮልታ ግራንዴ ብቻ ነው። የቤሎ ሞንቴ ግድብ የዚያን ስፍራ ውሃ አብዛኛውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወስዶታል። ብራዚል ከዱር የተያዘውን ወደ ውጭ መላክ ከልክላለች። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ዓለም አቀፉ የብርቅዬ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ንግዳቸው ቁጥጥር በሚደረግበት በሁለተኛው ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። እንዲህ ያለውን ዓሣ በተሳሳተ ምክር በረሃብ መግደል በጣም ያሳዝናል። የምትገዙ ካላችሁ ገንዳ ውስጥ የተራባ መሆኑን ጠይቁ፤ የት እንደተራባ የማይነግራችሁን ሻጭ እለፉት።

እኔ አልቆጨኝም። ነገም ቢሆን እገዛዋለሁ። ቀን ቀን ጭራው ብቻ ከዋሻው ቢታየኝም ደስ ይለኛል። ሻጮች ግን ገንዳው ላይ «ሥጋ ይበላል» ብላችሁ ጻፉበት። አልጌ የሚያጸዳለት ዓሣ ፈልጎ ለሚመጣ ሰው ብሪስልኖዝ ፕሌኮ የሚባል ሌላ የፕሌኮ ዓይነት አለላችሁ። እሱ አልጌውን በደንብ ይበላዋል፣ ዋጋውም በጣም ይቀንሳል።