ጀርባዬን ያዳነኝ የላባ ብርድ ልብስ፦ ከ8 ወር በኋላ

ሃሞክ ላይ፣ ማለትም በሁለት ዛፍ መካከል በሚሰቀል የጨርቅ መኝታ ላይ፣ ሳድር የምጠቀምበትን ይህን ብርድ ልብስ በእጄ ከሰፋሁት 8 ወር ሆነው። ዛሬ እንድጽፍ ያስነሳኝ ግን ባሌ፣ ዲንሾ ላይ ያደርኩባት አንዲት ሌሊት ናት።

መጀመሪያ ስለ ላባው። ሐዋሳ ውስጥ የዳክዬ ላባ በኪሎ የሚሸጥልኝ ሰው አላገኘሁም። ሳልቫጅ ተራ ሄጄ 6 ወፋፍራም የክረምት ጃኬት ገዛሁ። ሻጩ "እህቴ፣ ሁሉም ንጹሕ ላባ ነው" ብሎ ማለልኝ። ቤት ወስጄ ስተረትራቸው ሁለቱ ፖሊስተር ሆነው ተገኙ። ነገሩ እስካሁን ያንገበግበኛል። ላባ በጣት ሲጫኑት ቀጭን አገዳ ይቆረቁራል። ከስፌቱ ሾልኮ የወጣውን ቆንጥረው በክብሪት ቢለኩሱት እንደ ፀጉር ይሸታል። ፖሊስተር ግን ቀልጦ እንደ ዶቃ ይጠጥራል። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ የሁለት ጃኬት ብር አልከስርም ነበር።

ከአራቱ 420 ግራም ላባ ወጣ። ብርድ ልብሱ 2 ሜትር በ1 ሜትር ከ20 ነው። በ10 መስመር ከፍዬ ለእያንዳንዱ 42 ግራም መዝኜ ሞላሁ። የላይና የታች ጨርቁን እርስ በርስ አልሰፋኋቸውም፤ እንደዚያ ከተሰፋ ስፌቱ ላይ ላባ ስለማይኖር ብርዱ በዚያ ይገባል። በመካከላቸው 5 ሳንቲሜትር ቁመት ያለው፣ አጎበር የመሰለ ስስ መረብ እንደ ግድግዳ አቆምኩ። ላባውን የሞላሁት መታጠቢያ ቤት ውስጥ በርና መስኮት ዘግቼ ነው። እናቴ ከፍታ አየችኝና "ዶሮ ስትነጪ ነው የዋልሽው?" አለችኝ።

ሐይቁ ዳርም ወንዶ ገነትም አድሬበታለሁ፤ ምንም አላለኝም። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሌሊቷ ሰው አይፈትንም። ዲንሾ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የሄድኩትም በጥር ነው።

ሃሞኬን በሁለት ጽድ መካከል ሰቅዬ ብርድ ልብሱን ተከናነብኩ። ደረቴ ሞቀ፣ እግሬ ሞቀ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን ግን ጀርባዬ በድን ሆነ። ግማሹን ከሥሬ አነጠፍኩት፤ ያው ነው። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ላባ የሚያሞቀው በያዘው አየር ነው። ስንተኛበት ይጨፈለቅና አየሩ ይወጣል፤ ከሥራችን የሚቀረው ስስ ጨርቅ ብቻ ነው። ሃሞክ ደግሞ አየር ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ነፋሱ ከሥር ይመላለስበታል።

ወረድኩ። ጣቴ እየተንቀጠቀጠ የጫማዬን ክር ፈታሁ። ብርድ ልብሱን ከሃሞኩ ሥር፣ ከውጭ በኩል፣ በአራቱም ጫፍ አሰርኩት። ሃሞኩን እንዲነካ፣ ግን እንዳይጨፈለቅ አድርጌ። ከላይ ጋቢዬን ደርቤ ለብሼ ገባሁ። ትንሽ ቆይቶ ከወገቤ ጀምሮ ሙቀት ቀስ እያለ ወደ ትከሻዬ ወጣ። ስነቃ ነግቷል። ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል፤ እኔ ግን ላብ ላብ ብሎኛል።

"ወፍራም ብርድ ልብስ ውሰጂ፣ አይበርድሽም" የሚሉ ሻጮች ይስሙኝ። ሃሞክ ላይ ሦስት ብርድ ልብስ ብንደራርብ ጀርባችን አይሞቅም። ለሰው ሃሞክ ስትሸጡ "ከሥርሽ ምን ይዘሻል?" ብላችሁ ጠይቁ። ላባ ያለው ከሥር ይስቀል፤ ለላዩ ጋቢ ይበቃል።

ከዚያ ወዲህ ጫፍና ጫፉን አጥፌ ሰፍቼ የሱሪ ላስቲክ አስገባሁበት። ብዙ ከላላ በመካከሉ ነፋስ ይገባል፣ ከጠበቀ ላባው ይጨፈለቃል፤ ስለዚህ ከመተኛቴ በፊት እጄን አስገብቼ እፈትሻለሁ። አንድ የሚቆጨኝ ነገር የመርፌው ውፍረት ነው። በቀዳዳዎቹ ላባ ብቅ ይላል። መጀመሪያ እየሳብኩ አወጣው ነበር፤ ቀዳዳውን ማስፋት ነው ትርፉ። አሁን ከጀርባው በኩል ቆንጥጬ ወደ ውስጥ እመልሰዋለሁ። ዝናብ ካለም በፌስታል ጠቅልዬ ነው የምይዘው፤ የረጠበ ላባ ተጓጉሎ ዋጋ የለውም።

አብሮኝ የሚጓዝ ልጅ ሽጪልኝ ብሎኝ ነበር። በምንም ዋጋ አልሰጠውም አልኩት። አሁን ለእህቴ ሌላ እየሰፋሁላት ነው፤ በቀጭን መርፌ። ሁለት ጃኬት ይጎድለኛል። ቅዳሜ ሳልቫጅ ተራ እሄዳለሁ፣ ክብሪቱንም ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ።