በወር 15 ዶላሬ ምን ይሠራል? ስለ ሲፒጄ የአንድ ለጋሽ አስተያየት

አዲስ አበባ ሳለሁ የአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ገጽ አቀናባሪ ነበርኩ። ሌሊቱን ስንሠራ አድረን ገጾቹን ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት እናስገባለን። በማግስቱ አራት ኪሎ ላይ ሰው ጋዜጣችንን ተከራይቶ፣ ጥግ ይዞ ሲያነብ አይቼ ደስ እያለኝ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ከ97ቱ ምርጫ በኋላ አዘጋጃችን ታሰረ፤ ጋዜጣውም ተዘጋ። የአዘጋጃችን ባለቤት፣ ሚስቱ፣ የጠየቀችኝ ነገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «አሁን የእሱን ስም ማን ይጽፋል?» ነበር ያለችኝ።

ዛሬ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ እኖራለሁ። ላለፉት ስድስት ዓመታት ሲፒጄ ለተባለው የጋዜጠኞች መብት ተሟጋች ድርጅት በየወሩ 15 ዶላር ስሰጥ ቆይቻለሁ። በፈረንጆች 1981 የተቋቋመ፣ ዋና ቢሮው ኒውዮርክ የሆነ፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ሰው «ገንዘብህ ምን ይሠራል?» ሲለኝ የማሳየው የስም ዝርዝሩን ነው።

ሲፒጄ በየዓመቱ፣ ዲሴምበር 1 ቀን እስር ቤት ያሉ ጋዜጠኞችን ይቆጥራል። በ2024ቱ ቆጠራ 361 ነበሩ። ቁጥሩን ዜናውም ይነግራችኋል። እኔ የምወደው ስሞቹን አንድ በአንድ መክፈት መቻሉን ነው። የት ይሠራ እንደነበር፣ መቼ እንደተያዘ፣ በምን እንደተከሰሰ ተጽፎ ይገኛል። ከኤርትራ 16 ሰዎች አሉ። ከእነሱ ውስጥ በፈረንጆች ከ2001 ጀምሮ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ የታሰሩ አሉ፤ ዳዊት ይስሐቅ አንዱ ነው። ጋዜጦቻቸው ያኔውኑ ተዘግተዋል። የእነሱን ስም ግን በየዓመቱ እንደገና የሚጽፍ አለ። የአዘጋጃችን ባለቤት የጠየቀችኝ ይሄንን ነበር።

ቅር የሚለኝም እዚሁ ቆጠራ ላይ ነው። የአንድ ቀን ፎቶ ነው። ግንቦት ላይ ተይዞ ጥቅምት ላይ የተፈታ ሰው አይገባበትም። ይህንን ራሳቸውም አልደበቁትም፣ በግልጽ ይጽፉታል። የእኛ አገር ጋዜጠኛ ግን ብዙ ጊዜ የሚታሰረው እንዲህ ነው። ይያዛል፣ ፖሊስ የምርመራ ቀን ይጠይቅበታል፣ ዋስትና ይፈቀድለታል፣ ይታገድበታል፣ ከዚያ አንድ ቀን ይለቀቃል። የ2024ቱ ዝርዝር ለኢትዮጵያ 6 ሰው ይላል። በዓመቱ ውስጥ ገብቶ የወጣው እዚያ ላይ የለም። ድርጅቱ በየወቅቱ በሚያወጣቸው መግለጫዎች ይዘግበዋል፤ ግን እያንዳንዱን መግለጫ ፈልጎ የሚያነብ ስንት ሰው ነው?

ከዝርዝሩ ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታም ይሰጣል። ለሕክምና፣ ለጠበቃ፣ አገር ጥሎ ለሚሸሽ ጋዜጠኛ። ሽልማትም አለው። የአውራምባ ታይምስ ጋዜጣው ዳዊት ከበደ በፈረንጆች 2010፣ የዞን 9 ጦማሪያን በ2015 ተሸልመዋል። ሽልማት በር አይከፍትም የሚሉ አሉ። እኔ ግን እስር ቤት ላለ ሰው ስሙ ውጭ መጠራቱ ትልቅ ነገር ነው እላለሁ።

ከዚህ በፊት እጄን ያቃጠለኝ ነገር ስለነበር ገንዘቡን በደንብ ነው ያጣራሁት። አንድ ጊዜ እዚሁ አካባቢ ለታሰሩ ጋዜጠኞች ቤተሰብ ተብሎ በአዳራሽ ገንዘብ ተሰበሰበ። እኔም 200 ዶላር ሰጠሁ። የት እንደገባ የነገረን የለም፤ ስንጠይቅም ስልክ የሚያነሳ ጠፋ። አሜሪካ የተመዘገበ እንዲህ ያለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ግን በየዓመቱ ፎርም 990 የሚባል ሰነድ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ያስገባል። ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ አውጥቶ ማየት ይችላል። የኃላፊዎቹ ደሞዝ ሳይቀር አለበት። እባካችሁ 20 ደቂቃ ሰጥታችሁ አንብቡት። ለማንም ድርጅት ከመስጠታችሁ በፊት ማለቴ ነው።

ሲፒጄ ከየትኛውም መንግሥት ገንዘብ አይቀበልም። ይሄን መጀመሪያ ላይ ብዙም ቁም ነገር አላልኩትም ነበር። በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ የውጭ እርዳታ በአንድ ጊዜ ሲቆም፣ በእሱ የሚተዳደሩ ስንት የዜና ተቋማት በብዙ አገር ሲናጉ ሳይ ነው የገባኝ።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። ዝርዝሩ በዓመቱ ታስረው የተፈቱትንም በአገር በአገር ቢይዝ አምስተኛውን ወዲያው እጨምርለታለሁ። ይህንኑ በኢሜይል ጽፌላቸዋለሁ። 15ቱን ዶላር ከዚህ ወር ጀምሮ 20 አድርጌዋለሁ።